በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የታችፓድ ስክሮል እንዲሠራ የትኛውን መንገድ እንምረጥ? የንጽጽር መመሪያ

በላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር አማካይነት በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) የጫነ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል፣ ክሊክ ማድረግ ይሠራል፣ ኪቦርዱም ይታዘዛል፤ ሁለት ጣቱን ታችፓዱ ላይ አሳርፎ ገጹን ለመሳብ ሲሞክር ግን ምንም አይንቀሳቀስም፤ ወይም ገጹ ሦስት አራት አንቀጽ በአንድ ጊዜ እየዘለለ ያልፈዋል። መፍትሔ ሲፈልግ አንዱ የማውሱን ዓይነት ቀይር ይለዋል፣ ሌላው ለእንግዳው ሲስተም የተዘጋጁትን መሣሪያዎች ጫን ይለዋል፣ ሦስተኛው የታችፓዱን ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አድስ፣ አራተኛው መስኮቱን ትተህ በሪሞት ዴስክቶፕ (በኔትወርክ በኩል ስክሪኑን ከፍቶ በሚያሠራው) ግባ ይለዋል። እነዚህ ምክሮች ሁሉ በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ግራ የሚያጋቡት እያንዳንዳቸው የትኛውን ብልሽት እንደሚጠግኑ ሳይነገር ስለሚሰጡ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «አስተናጋጅ» የምንለው በላፕቶፑ ላይ በቀጥታ የተጫነውን ሲስተም ነው፤ «እንግዳ» የምንለው ደግሞ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የሚሠራውን ነው። የምናወዳድረውም ሶፍትዌሮችን ሳይሆን የመፍትሔ መንገዶችን ነው፤ ምክንያቱም ቨርቹዋልቦክስ፣ ቪኤምዌር፣ ኬቪኤምም ሆነ ሃይፐር-ቪ በዚህ ጉዳይ የሚለያዩት በስማቸው ሳይሆን ስክሮሉን በየትኛው መንገድ ለእንግዳው እንደሚያደርሱት ነው።

ስክሮሉ ከጣት እስከ ገጽ የሚያልፍበት መንገድ

ታችፓድ ጎማ የለውም። የሁለት ጣት እንቅስቃሴን ወደ ስክሮል የሚተረጉመው የአስተናጋጁ ድራይቨር ነው፤ ጣቶቹ የተጓዙትን ርቀት ለክቶ «ጎማው ይህን ያህል ዞረ» የሚል መልእክት ለሲስተሙ ይሰጣል። ሲስተሙ መልእክቱን ጠቋሚው ላረፈበት መስኮት ያደርሳል፤ መስኮቱ የቨርቹዋል ማሽኑ ሶፍትዌር ከሆነ ሶፍትዌሩ መልእክቱን ተቀብሎ ለእንግዳው አስመስሎ በሚያቀርበው ማውስ በኩል ያስተላልፈዋል፤ የእንግዳው ድራይቨር ያንን ያነብባል፣ በመጨረሻም ሰነዱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እንግዳው ሲስተም ታችፓድ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ የሚታየው ጎማ ያለው ማውስ ብቻ ነው። በእንግዳው ሴቲንግ ውስጥ የታችፓድ ገጽ የማይገኘው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ የላፕቶፑን የታችፓድ ድራይቨር በእንግዳው ውስጥ ለመጫን ይደክማል፤ ድራይቨሩ ግን የሚያገናኘው ዕቃ በዚያ ስለሌለ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው ቁም ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። በዊንዶውስ የማውስ ጎማ አንድ እርከን ሲዞር መልእክቱ 120 የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከዊንዶውስ 8.1 ጋር የመጣው «ፕሪሲዥን ታችፓድ» የሚባለው ዓይነት ግን ከ120 በጣም ያነሱ ቁጥሮችን በተከታታይ መላክ ይችላል፤ ገጹ ጣትን ተከትሎ በልስላሴ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው። አስመስሎ የቀረበው ማውስ ሙሉ እርከን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሶፍትዌሩ ትንንሾቹን ቁጥሮች 120 እስኪሞሉ ማጠራቀም አለበት። ካላጠራቀማቸው ወይ ይጥላቸዋል፣ ወይም እያንዳንዷን ቁጥር እንደ ሙሉ እርከን ይቆጥራታል። የመጀመሪያው ሲሆን ስክሮሉ የሞተ ይመስላል፤ ሁለተኛው ሲሆን ገጹ ይፈተለካል። በሊኑክስ በኩል ከእርከን ያነሰ የጎማ እንቅስቃሴን የሚመዘግብ አሠራር ወደ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው በ5.0 ሲሆን፣ ሊብኢንፑት የሚባለው የግቤት ቤተ መጻሕፍት የተቀበለው ደግሞ በ2021 በ1.19 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ እንግዳ ሲስተም ልስላሴውን ከአስመሳዩ ማውስ ቢላክለት እንኳ አይረዳውም።

ከመምረጥ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ የግማሽ ቀን ድካም ያድናል። አንድ ተራ የዩኤስቢ ማውስ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩና በእንግዳው ውስጥ ጎማውን ያዙሩ። የማውሱ ጎማ ሠርቶ ታችፓዱ ብቻ ካልሠራ ስክሮሉ የጠፋው ብዙውን ጊዜ ገና ከአስተናጋጁ ሳይወጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የታችፓዱ ድራይቨር ነው። ሁለቱም ካልሠሩ አስመስሎ በቀረበው ማውስ ወይም በእንግዳው ድራይቨር ላይ ችግር አለ። ሁለቱም ሠርተው ታችፓዱ ብቻ የሚዘልል ከሆነ ከላይ የተናገርነው የመጠን ጉዳይ ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኑን መውቀስ አይገባም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ነው።

አቅጣጫው የተገለበጠበትም አለ። አስተናጋጁ «ናቹራል ስክሮሊንግ» የሚባለውን ማለትም ገጹ የጣትን አቅጣጫ የሚከተልበትን ሴቲንግ ከከፈተ፣ እንግዳውም ከከፈተው፣ አንዱ የገለበጠውን ሌላው መልሶ ይገለብጠዋል። ይህ ሲሆን በእንግዳው በኩል ያለውን መዝጋት ብቻ በቂ ነው፤ የሚከተለውን ሁሉ ማንበብም አያስፈልግም።

መመዘኛዎቹ

መንገዶቹን የምንመዝነው በአምስት ነገር ነው። የመጀመሪያውና ዋናው ስክሮሉን ከናካቴው ያስነሣል ወይ የሚለው ሲሆን፣ አሮጌ እንግዳ ሲስተሞችንም ይጨምራል። ሁለተኛው ልስላሴ ነው፤ ገጹ ጣትን ይከተላል ወይስ በእርከን ይዘልላል? ሦስተኛው ወደ ጎን መሳብና በሁለት ጣት ማጉላትን የመሳሰሉ የጣት ምልክቶች ይደርሳሉ ወይ የሚለው ነው። አራተኛው ወጪ ነው፤ ወጪ ስንል የፈቃድ ክፍያ ብቻ ሳይሆን የሚወርደው ዳታና የሚወስደው ጊዜም ነው፤ የሞባይል ዳታ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው የብዙ መቶ ሜጋባይት ፋይል ቀላል ነገር አይደለም። አምስተኛው፣ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው፣ ነገሩ ቢበላሽ በቀላሉ መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ታችፓዱ ጭራሽ ጠፍቶ ላፕቶፑን መቆጣጠር እስኪያቅት ድረስ የሚያደርሱ መንገዶች ስላሉ ይህን መመዘኛ ከሌሎቹ አሳንሼ አላየውም።

አንደኛ መንገድ፦ አስመስሎ የሚቀርበውን ማውስ መቀየር

አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ለእንግዳው ሁለት ዓይነት ጠቋሚ ማቅረብ ይችላሉ፤ ፒኤስ/2 ማውስ (በቆየው የማውስ መሰኪያ አሠራር የሚሄድ) እና የዩኤስቢ ታብሌት (የጠቋሚውን ቦታ በቀጥታ የሚናገር አስመሳይ ዕቃ እንጂ ታብሌት ኮምፒውተር አይደለም)። ልዩነቱን ለመረዳት ስለ ፒኤስ/2 ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የፒኤስ/2 ማውስ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ባይት ብቻ ይልክ ነበር፤ በእነዚያ ውስጥ ለጎማ የተመደበ ቦታ አልነበረም። ጎማ ያላቸው ማውሶች ሲመጡ አንድ ዘዴ ተበጀ፤ ድራይቨሩ የማውሱን የናሙና ፍጥነት 200፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 80 እንዲሆን በተከታታይ ያዝዘዋል፣ ማውሱም ይህን ቅደም ተከተል እንደ ምስጢር ማንኳኳት አውቆ መለያ ቁጥሩን ከ0 ወደ 3 ይቀይርና ከዚያ ወዲያ አራተኛ ባይት ጨምሮ መላክ ይጀምራል። እንግዳው ሲስተም ይህን ማንኳኳት የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም በሲስተሙ አነሣስ ጊዜ ንግግሩ ከተሰናከለ፣ ጠቋሚው እንደ ልብ እየተንቀሳቀሰ ስክሮሉ ብቻ የጎደለ ይሆናል። ብዙ ሰው «ማውሱ ይሠራል፣ ስክሮሉ ግን የለም» የሚለው ይህን ነው።

የዩኤስቢ ታብሌት ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ጎማ እንዳለው ራሱን ሲያስተዋውቅ በግልጽ ይናገራል፣ ድራይቨሩም በዊንዶውስም በሊኑክስም ውስጥ አብሮ ይገኛል፤ ሌላው ጥቅሙ ጠቋሚው መስኮቱ ውስጥ ሳይታሰር እንደ ልብ ወጥቶ መግባቱ ነው። በቨርቹዋልቦክስ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ በሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ማዘርቦርድ» በሚለው ገጽ «ፖይንቲንግ ዲቫይስ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ወደ ዩኤስቢ ታብሌት መቀየርና የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። በቨርት-ማኔጀር (የኬቪኤም ማሽኖችን በመስኮት የሚያስተዳድር ፕሮግራም) ለሚሠሩ «አድ ሃርድዌር» ከዚያም «ኢንፑት» ብለው የዩኤስቢ ታብሌቱን ይጨምራሉ። ቪኤምዌር ይህን በመስኮት አይሰጥም፤ የማሽኑን የማዋቀሪያ ፋይል በጽሑፍ አርታዒ ከፍቶ ሁለት መስመር መጨመር ይጠይቃል፤ አንዱ ማውሱ በዩኤስቢ እንዲቀርብ ያዝዛል፣ ሌላው ተራው ማውስ መሆኑን ይከለክላል። ፋይሉን ከመንካት በፊት ቅጂውን ማስቀመጥ ግድ ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ስክሮሉ በሙሉ እርከን የሚሄድ ስለሆነ ልስላሴ የለውም፤ ወደ ጎን መሳብም ብዙ ጊዜ አይደርስም። በኪው-ኢሙ (ከኬቪኤም ጋር ዕቃዎቹን አስመስሎ የሚያቀርበው ሶፍትዌር) ደግሞ የዩኤስቢ ታብሌት እንግዳው ሥራ ፈትቶ ሳለ እንኳ ፕሮሰሰሩን በየጊዜው ያነቃዋል፤ በባትሪ ለሚሠራ ላፕቶፕ ጥቂት ዋጋ አለው፣ በተለይ አሮጌው የዩኤስቢ 1 መቆጣጠሪያ ከተመረጠ። ቨርቲዮ የሚባለው ታብሌት ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ለዊንዶውስ እንግዳ ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋል፣ ያ ድራይቨር የሚገኝበት የዲስክ ፋይልም ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው። እንዲህም ሆኖ ሳልጠራጠር የምመክረው የመጀመሪያ እርምጃ ይህ ነው፤ ነጻ ነው፣ ዳታ አይበላም፣ ካልተስማማም በአንድ ደቂቃ ይመለሳል።

ሁለተኛ መንገድ፦ የእንግዳ መሣሪያዎችን መጫን

በቨርቹዋልቦክስ «ገስት አዲሽንስ»፣ በቪኤምዌር «ቪኤምዌር ቱልስ»፣ በስፓይስ (የማሽኑን ስክሪን በሚያሳየው ፕሮቶኮል) የሚሠሩት ደግሞ «ስፓይስ ኤጀንት» ይሉታል። የስክሪኑን መጠን ማስተካከልና ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው መቅዳትን ስለሚያስችል በማንኛውም ሁኔታ ቢጫን ይመከራል፤ ለስክሮል ግን የሚጠበቀውን ያህል አይፈታም። የሚያስተካክለው በዋናነት የጠቋሚውን ቦታ ነው። ስፓይስም ሆነ ቪኤንሲ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮቶኮል ጎማን የሚያስተላልፉት እንደ አራተኛና አምስተኛ የማውስ ቁልፍ ተቆጥሮ፣ ለእያንዳንዱ እርከን አንድ ተጫኖ መለቀቅ እየተላከ ስለሆነ፣ ኤጀንቱ ተጫነም አልተጫነ ልስላሴው በመንገድ ላይ ቀርቷል።

ወጪው አነስተኛ ነው። ዊንዶውስ አስተናጋጅ ላይ የቨርቹዋልቦክስ የእንግዳ መሣሪያ ዲስክ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ የሚወርድ ነገር የለም፤ ለሊኑክስ እንግዳ የቪኤምዌሩ ክፍት ቅጂ ከዲስትሮው (ከተጫነው የሊኑክስ ዓይነት) ማከማቻ በትንሽ ዳታ ይገኛል። ጥንቃቄ የሚያሻው የመሣሪያው እትም ከሶፍትዌሩ እትም ጋር መጣጣሙ ላይ ነው፤ ሶፍትዌሩን አድሰው መሣሪያውን የረሱ ሰዎች ትናንት ይሠራ የነበረው ማውስ ዛሬ ሲያስቸግራቸው ይታያል።

ሦስተኛ መንገድ፦ የአስተናጋጁን የታችፓድ ድራይቨር ማስተካከል

ፍተሻው ማውሱ ሠርቶ ታችፓዱ ብቻ አለመሥራቱን ካሳየ ሌሎቹን መንገዶች መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። በተለይ በዊንዶውስ 7 ዘመን የተሠሩ ላፕቶፖች ላይ የነበሩት የታችፓድ ድራይቨሮች ስክሮልን የሚልኩት በራሳቸው ብልሃት ነበር። ጠቋሚው ያለበትን መስኮት ያዩና የመንሸራተቻ ዘንግ ካገኙ ዘንጉን ያንቀሳቅሱታል። የቨርቹዋል ማሽን መስኮት ግን ለአስተናጋጁ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው፤ በውስጡ የሚታየው ዘንግ ሥዕል እንጂ ለድራይቨሩ የሚታወቅ ዘንግ አይደለም። ድራይቨሩም የሚያንቀሳቅሰው ነገር ሲያጣ ዝም ይላል።

መፍትሔው ከቀላሉ ይጀምራል። በታችፓዱ ሴቲንግ ውስጥ ስክሮሉ እንደ ማውስ ጎማ እንዲላክ የሚያደርግ ምርጫ ካለ እሱን መክፈት፤ ከሌለ የላፕቶፑ አምራች ለዚያው ሞዴል ያወጣውን የመጨረሻ ድራይቨር መጫን ነው። በአሮጌ ቲንክፓዶች ላይ የሲናፕቲክስ (የታችፓድ አምራች) ድራይቨር በተጫነበት ፎልደር ውስጥ የትኛው ፕሮግራም በምን ዓይነት ስክሮል እንደሚስተናገድ የሚዘረዝር የጽሑፍ ፋይል አለ፤ የቨርቹዋል ማሽኑን ፕሮግራም በዚያ ውስጥ ጨምሮ ተራ ጎማ እንዲላክለት ማዘዝ ይቻላል። ላፕቶፑ የፕሪሲዥን ዓይነት ድራይቨርን የሚቀበል ከሆነ ከሁሉ የተሻለው ወደዚያ መሻገር ነው፤ ምክንያቱም ስክሮሉን መስኮት እየመረጠ ሳይሆን በሲስተሙ በኩል ለሁሉም እኩል ያቀርበዋል።

አንድ የማይታይ መሰናክልም አለ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ በተራ መብት የሚሠራ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ መብት ለተከፈተ መስኮት መልእክት እንዳይልክ ይከለከላል። የታችፓዱ ረዳት ፕሮግራም በተራ መብት እየሠራ ቨርቹዋል ማሽኑ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ተብሎ ከተከፈተ ስክሮሉ በር ላይ ሊቀር ይችላል። ሶፍትዌሩን ዘግቶ በተራ መብት መክፈት ምንም ስለማያስወጣ ድራይቨር ከመነካካት በፊት ይሞከር።

ከሁሉም መንገድ በጣም የምጠነቀቀው ግን ለዚህ ነው። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ድራይቨርን በግድ መጫን ታችፓዱን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። የዩኤስቢ ማውስ አጠገብዎ ሳይኖርና የሲስተሙን መመለሻ ነጥብ ሳያስቀምጡ እንዳይጀምሩት እለምናለሁ።

አራተኛ መንገድ፦ በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት

በዚህ መንገድ ቨርቹዋል ማሽኑ ከጀርባ ይሠራል፤ ተጠቃሚው ግን የማሽኑን መስኮት ትቶ በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ እንግዳው ይገባል። አስመስሎ የሚቀርበው ማውስ ጭራሽ ከመንገዱ ይወጣል። የዚህ ጥቅም ከሚታሰበው በላይ ነው፤ የማይክሮሶፍቱ ፕሮቶኮል የጎማውን መጠን እንደ ቁጥር ስለሚያስተላልፍ ከ120 ያነሱት እንቅስቃሴዎች ሳይጣሉ ሊደርሱ ይችላሉ፣ ወደ ጎን ለሚሳበውም የራሱ ምልክት አለው። ዊንዶውስ አስተናጋጅና ዊንዶውስ እንግዳ ላላቸው ረጅም ሰነድ የሚያነቡ ሰዎች ልዩነቱ ወዲያውኑ ይሰማቸዋል። ሃይፐር-ቪ «ኢንሃንስድ ሴሽን» የሚለውም ይኸው ፕሮቶኮል ነው፤ በኔትወርክ ፈንታ በውስጥ መስመር ይሄዳል እንጂ።

ግን ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። እንግዳው የዊንዶውስ ሆም እትም ከሆነ በሪሞት ዴስክቶፕ ሊገባበት አይቻልም፤ ፕሮ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሃይፐር-ቪም በአስተናጋጁ በኩል በሆም እትም ላይ አይገኝም። ለሊኑክስ እንግዳ ኤክስአርዲፒ የሚባለውን ከዲስትሮው ማከማቻ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ስክሮሉ ወደ ተራ የእርከን ቁልፍ ሊለወጥ ስለሚችል የልስላሴው ጥቅም በዊንዶውስ እንደሚገኘው አይደለም። ባለሦስት አቅጣጫ ሥዕልና ጨዋታም በዚህ መንገድ ይደክማሉ።

ሁለት ስህተቶችን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንደኛው ቨርቹዋልቦክስ ራሱ የሚያቀርበውን የሪሞት ስክሪን ከእንግዳው ሪሞት ዴስክቶፕ ጋር ማምታታት ነው፤ የቨርቹዋልቦክሱ ግቤቱን መልሶ ለዚያው አስመስሎ ለቀረበው ማውስ ስለሚሰጥ ለስክሮሉ የሚጨምረው ነገር የለም። ሁለተኛው ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበትን የኔትወርክ በር 3389ን ለመላው ኔትወርክ ክፍት አድርጎ መተው ነው። በኤንኤቲ (ከአስተናጋጁ ጀርባ ተደብቆ ወደ ኔትወርክ በሚወጣበት አሠራር) የሚሠራ ማሽን ከሆነ በሩ ከ127.0.0.1 ማለትም ከላፕቶፑ ከራሱ ብቻ እንዲደረስበት ማሰር ይበቃል፤ ለራስ ላፕቶፕ መግቢያ ተብሎ የካፌ ዋይፋይ ላይ ላለ ሁሉ በር መክፈት አይገባም።

አምስተኛ መንገድ፦ ታችፓዱን ራሱን ለእንግዳው መስጠት

ጉጉት ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ይህን ነው፤ ታችፓዱን እንደ ዩኤስቢ ዕቃ ነቅሎ ለእንግዳው መስጠት። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ግን አይሆንም፤ ታችፓዱ የሚገናኘው በዩኤስቢ ሳይሆን በፒኤስ/2 ወይም አይ-ስኩዌርድ-ሲ በሚባለው መስመር ስለሆነ በዩኤስቢ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ከውጭ የተሰካ የዩኤስቢ ማውስን መስጠት ይቻላል፤ የተሰጠው ማውስ ግን እስኪመለስ ድረስ ለአስተናጋጁ አይታዘዝም።

አስተናጋጁም እንግዳውም ሊኑክስ ከሆኑ ግን እውነተኛ መፍትሔ አለ። ኪው-ኢሙ የአስተናጋጁን የግቤት ዕቃ በቨርቲዮ በኩል ሳይተረጉም እንዳለ ለእንግዳው ማሳለፍ ይችላል። እንግዳው ያን ጊዜ ባለ ብዙ ጣት ታችፓድ ያያል፣ የታችፓድ ሴቲንግ ገጹም ይከፈታል፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት፣ ማጉላት ሁሉም በእንግዳው ሊብኢንፑት ይተረጎማሉ። ከልስላሴ አንጻር ከዚህ የሚበልጥ የለም። ዋጋው ታችፓዱ ከአስተናጋጁ እጅ መውጣቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ማውስ ወይም በኪቦርድ ብቻ የመሥራት ልምድ ያስፈልጋል፣ ዕቃውን ለማንበብ የሚያስችል መብትም መስጠት ይጠይቃል። ለዊንዶውስ እንግዳ አልመክረውም።

በአፕል ሲሊከን ማክ ላይ ማክኦኤስን በማክኦኤስ ውስጥ ለሚያሠሩም ተመሳሳይ ነገር ተዘጋጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ማክኦኤስ 13 ጀምሮ የአፕል የቨርቹዋል ማሽን ማዕቀፍ ለእንግዳው ትራክፓድ ማቅረብ ይችላል። ሁለቱም ሲስተሞች 13 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው።

መንገዶቹ በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ስክሮል ያስነሣል? | ልስላሴ | ወደ ጎንና የጣት ምልክት | ወጪና ዳታ | ቢበላሽ |
|---|---|---|---|---|---|
| የዩኤስቢ ታብሌት መምረጥ | አዎ፣ ለአብዛኛው እንግዳ | በእርከን | አልፎ አልፎ ወይም የለም | ምንም | በደቂቃ ይመለሳል |
| የእንግዳ መሣሪያዎች | አንዳንድ ጊዜ | በእርከን | የለም | ምንም ወይም ጥቂት ዳታ | ማራገፍ ይቻላል |
| የአስተናጋጁ ድራይቨር | ማውስ ሠርቶ ታችፓድ ካልሠራ ብቻ | እንደ ሶፍትዌሩ | እንደ ሶፍትዌሩ | መካከለኛ ጊዜ | ታችፓዱ ሊጠፋ ይችላል |
| ሪሞት ዴስክቶፕ | አዎ | ለዊንዶውስ ጥሩ | ወደ ጎን አዎ፣ ማጉላት የለም | የፕሮ እትም ፈቃድ | መስኮቱ መጠባበቂያ ነው |
| ታችፓዱን ማሳለፍ | አዎ | ሙሉ | ሙሉ | ነጻ፣ ብዙ ድካም | አስተናጋጁ ታችፓድ ያጣል |

ለማን የትኛው?

ተማሪ ሆኖ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ የሚለማመድ፣ ዳታውም ውሱን የሆነ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ ዩኤስቢ ታብሌትን ይምረጥ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣውን የእንግዳ መሣሪያ ይጫን፣ በዚያው ይርካ። በእርከን መዝለሉ ተርሚናልና የኮድ አርታዒ ላይ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ከዚህ የሚያልፍ ድካም ለትምህርቱ ቢውል ይሻላል።

ሁለተኛው ዓይነት ተጠቃሚ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ብዙ አለ። አሮጌ የሒሳብ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የቆየ የፒችትሪ እትም፣ ወይም በድሮ ሲስተም ላይ ብቻ የሚሠራ የግእዝ መጻፊያ ስላለው ዊንዶውስ 7ን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት አንድ ቢሮ ስረዳ የገጠመን ችግር መዝለል ነበር፤ የሒሳብ ባለሙያዋ የመዝገቡን ዝርዝር በታችፓድ ስትስብ መስመሮቹ እየተፈተለኩ አንዱን መስመር ከሌላው እንድታምታታ ያደርጓት ነበር። በሒሳብ ሥራ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። የፈታነው በሁለት እርምጃ ነው፤ እንግዳው ፕሮፌሽናል እትም ስለነበረ በሪሞት ዴስክቶፕ እንድትገባ አደረግን፣ በእንግዳው የማውስ ሴቲንግ ውስጥም አንድ እርከን የሚያንቀሳቅሰውን ከተለመደው 3 መስመር ወደ 1 ዝቅ አደረግነው። ሪሞት ዴስክቶፕ የማይቻልበት ሆም እትም ከሆነ ሁለተኛው እርምጃ ብቻውን እንኳ ብዙ ያቀልላል፤ ምንም ወጪ የለውም።

ቀኑን ሙሉ በእንግዳው ውስጥ የሚያነብ፣ የሚያርም ወይም የሚተረጉም፣ አስተናጋጁም እንግዳውም የዊንዶውስ ፕሮ እትም የሆነለት ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ሃይፐር-ቪን በኢንሃንስድ ሴሽን ወይም የትኛውንም ሶፍትዌር በሪሞት ዴስክቶፕ ይሞክር። ለስክሮል ብቻ ብሎ ፕሮ እትም መግዛት ግን አይመከርም፤ በዚያ ገንዘብ ጥሩ የዩኤስቢ ማውስ ተገዝቶ ብዙ ይተርፋል።

በሊኑክስ ላይ ሊኑክስን እያሠራ በእንግዳው ዴስክቶፕ የሚውል፣ የጣት ምልክቶችንም የሚፈልግ፣ የትእዛዝ መስመርም የማያስፈራው ሰው አምስተኛውን መንገድ ይሂድ። መጀመሪያ ግን ውጫዊ ማውስ ይሰካ፣ ማሽኑን ከኪቦርድ ብቻ ማጥፋት መቻሉንም አስቀድሞ ይፈትን።

አሮጌ ቢዝነስ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ከሁለቱ ማውሱ ብቻ የሚሠራለት ሰው ደግሞ ወደ ሦስተኛው መንገድ ከመግባቱ በፊት ላፕቶፑን ስንት ጊዜ ሊይዘው እንዳሰበ ያስብ። በዓመት ውስጥ የሚቀይረው ከሆነ ድራይቨር ማሳደዱ አያዋጣም፤ በቦርሳው ውስጥ ትንሽ ማውስ ይያዝ። ረጅም ጊዜ የሚሠራበት ከሆነ የአምራቹን ድራይቨር አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ማስተካከሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ፕሮግራሞችም ውስጥ ለሚያስቸግረው ስክሮል ይጠቅመዋል።

ዶስ ወይም ዊንዶውስ 3.1ን ለጥናት የሚያስነሣ ሰው ከእነዚህ መንገዶች አንዱንም አይድከምበት። እነዚያ ሲስተሞች የተሠሩት የማውስ ጎማ ከመለመዱ በፊት ነው፤ ጎማ ቢደርሳቸውም የሚያነብበው የለም። በእነሱ ውስጥ ገጽ የሚገለጠው «ፔጅ አፕ» እና «ፔጅ ዳውን» በሚሉት ቁልፎች ነው፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ቁልፎች የሚገኙት «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ ከላይና ከታች ቀስቶች ጋር አብሮ በመጫን ነው።